ያልታመመን የሚያድን መድኃኒት!

አትላስ አካባቢ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በእግሩ የተንሸራሸረ ሰው “ኃይለኛ ውሻ አለ” የሚለውን ጽሑፍ ሳያነብ አይመለስም። ጽሑፉ በየግቢው በር ላይ አለ፤ ውሻው ግን እንደ ዕድላችሁ ነው። አንዳንዱ ግቢ ጽሑፉን እንጂ ውሻውን አያውቀውም። ሌላው ጋ ውሻው አለ፤ ሆኖም ቀን ከዘበኛው ጋር ፀሐይ ሲሞቅ ይውልና ሌሊት ሌባ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ የሚቀበል የዋህ ነው። ለእውነተኛው ውሻማ ማንም ማስጠንቀቂያ አልጻፈለትም። እሱ ሥጋ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብሎ ቁርጥ በላተኛውን ከሳህን እስከ አፍ በዓይኑ ሲሸኝ አምሽቶ፣ መኪናው ጋብ ሲል አስፋልቱን የሚረከበው የመንደር ውሻ ነው።

የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ሁለቱም አይደለም። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥርስ ስለነበረው አንድ ቡችላ ነው።

የሐኪሞች ቦርድ ተሰበሰበ

ታሪኩን ያጫወተችን አትላስ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ የልጇም፣ የእናቷም፣ የዘበኛዋም እንደዚሁ። ስለዚህ ከዚያ ቤት ስሙ የሚነሳው ቡችላው ብቻ ነው። ቦቢ ይባላል።

ቦቢን ከመንገድ አንስቶ በደብተር ቦርሳው ይዞት የገባው የስምንት ዓመቱ ልጅ ነው። ወተት ተሰጠው፣ ካርቶን ተነጠፈለት፣ ቤተሰብ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሲያጫውተው ጣቱን ነከሰው። ቁስሉ በመርፌ የተወጋ ያህል ነው። ትንሽ ደም ወጣ፤ በቃ።

በዚህ ጊዜ የቤቱ የሐኪሞች ቦርድ በአስቸኳይ ተሰበሰበ! መቼም እኛ አገር ሰው ሲታመም ሐኪም የማይሆን የለም። አያትየው “ሎሚ ጭመቁበት፤ ሚጥሚጣም ነስነስ አድርጉበት፣ መርዙን ያወጣዋል” አሉ። ለቡና የመጡት ጎረቤት “ኧረ ከራሱ ከውሻው ፀጉር ቆረጥ አድርጋችሁ አቃጥሉና አመዱን ለጥፉበት” ሲሉ ሌላ መፍትሔ አቀረቡ። ዘበኛው ከበር ላይ ሆነው “እትዬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ቡችላ አያብድም። የሚያብደው የጎረመሰው ነው” ብለው አረጋጉ። አክስትየው ደግሞ ስልኳን አውጥታ የአንድ መድኃኒተኛ ቁጥር ፈለገች። “ቅጠል ነው የሚሰጡት። እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አልሞተባቸውም!” አለች።

እናትየው ግራ ቢገባት ለነርስ አብሮ አደጓ ደወለች። ነርሷ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰቻትም። “ሳሙናና ውኃ! አሁኑኑ! ሰዓት ያዢና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው። ከዚያ ነገ ዛሬ ሳትይ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ቡችላውን ደግሞ እንዳትገድሉት፣ እንዳታባርሩትም፤ ለብቻው ዝጉበትና ምግብና ውኃ እየሰጣችሁ ጠብቁት። ማንም እንዳይነካው!”

እማማ ቅር አላቸው። “ሳሙና ደግሞ መድኃኒት ሆነ?” አሉ።

ሳሙና ወይስ ሚጥሚጣ?

አዎ እማማ፣ ሳሙና መድኃኒት ሆነ! የእብድ ውሻ በሽታን የሚያመጣው ቫይረስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጥይት ቅርጽ አለው። ከላዩ የለበሰው ግን ስስ የቅባት ሽፋን ነው። ወጥ የነካው ሳህን በሳሙና ሲታጠብ ቅባቱ እንደሚለቅ ሁሉ የቫይረሱም ካባ በሳሙና ይቀደዳል። ካባው ከተቀደደ ጥይቱ ከሸፈ ማለት ነው። ውኃው ደግሞ የቀረውን ምራቅ ጠራርጎ ያወጣዋል። 15 ደቂቃ የተባለውም ያለ ነገር አይደለም፤ ጥርስ የገባበት ቦታ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ነው።

ሎሚና ሚጥሚጣውስ? ቁስሉን ያቆስሉታል፣ ልጁን ያስጮኹታል፣ ሰውም “ሠራ!” ይላል። የሚያቃጥል ነገር ሁሉ መድኃኒት የሚመስለን ነገር አለብን መቼም። የውሻው ፀጉር አመድ ደግሞ ቁስሉ ላይ ሌላ ቆሻሻ ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከቁስሉ የተረፈ ቫይረስ ካለ ወደ ነርቭ ይገባና ጉዞውን ወደ አንጎል ይጀምራል። ደግነቱ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ በእግሩ ነው የሚሄደው። ብዙውን ጊዜ የበሽታው ምልክት እስኪታይ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። በሳምንት የታየበትም፣ ዓመት የቆየበትም ሰው አለ። ፊት፣ አንገትና እጅ ላይ የተነከሰ ሰው መንገዱ ስለሚያጥርበት ይበልጥ ያሰጋዋል። ክትባቱ የሚሠራው በዚህ እሽቅድምድም ውስጥ ነው። ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ሰውነት ጦሩን እንዲያሰልፍ ያደርጋል። ቁስሉ የከፋ ሲሆን ሐኪሙ ጦሩ እስኪደርስ የሚከላከል ሌላ መርፌ እዚያው ቁስሉ ዙሪያ ይጨምራል።

ቫይረሱ ከቀደመስ? እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ታማሚው ውኃ መጠጣት ያቅተዋል፤ ውኃ ባየ ቁጥር ጉሮሮው ይኮማተርበታል፤ ሽው ያለ ነፋስ እንኳ ያስደነግጠዋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሞት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገምታል። አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ ናቸው፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ልክ እንደኛው ልጅ ውሻ ማቀፍ የሚወዱ ሕፃናት ናቸው።

“ቡችላ አያብድም”… ማን አለ?

የዘበኛው አባባል በየሰፈሩ የሚሰማ ነው። ቫይረሱ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። እናቱ የነከሰችው ወይም ሌላ የታመመ ውሻ የቦጨቀው ቡችላ ይታመማል። ሌላው ስህተት እብድ ውሻ ማለት ለሃጩን እያዝረከረከ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ያገኘውን እየነከሰ የሚሮጥ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ነው። እንዲህ ያለው አለ። ግን ሌላ ዓይነትም አለ፤ ዝምተኛው። እሱ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ሰው ሲያየው “አጥንት አንቆት ነው” ይላል።

ቦቢም ልጁን በነከሰ በአምስተኛው ቀን እንዲህ ሆነ። መጋዘን ውስጥ ተዘግቶበት ሳለ ወተቱን ተወ። አፉን ከፍቶ ምራቁ ይወርድ ጀመር። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሞቶ ተገኘ።

ለዚህ ነው እንግዲህ ነርሷ “እንዳትገድሉት” ያለችው። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ወይም ድመት ሰው ሲነክስ ለ10 ቀን ይጠበቃል። ምክንያቱም በሽታው ያለበት ውሻ በምራቁ ቫይረስ መርጨት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ነው። ምልክቱ ከታየ ደግሞ ብዙ አይቆይም፣ ይሞታል። 10 ቀን በጤና የቆየ ውሻ የነከሰ ዕለት ምራቁ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። በዱላ የተገደለና የተጣለ ውሻ ግን ምንም አይነግረንም። እኛ ሰፈር ደግሞ ውሻ ሰው ከነከሰ መጀመሪያ የሚፈለገው ሳሙና ሳይሆን ዱላ ነው!

የሞተውን ውሻ የእንስሳት ሐኪም አይቶት አንጎሉ በላቦራቶሪ ቢመረመር እርግጡ በታወቀ ነበር። ዘበኛው ግን ማንንም ሳይጠይቁ ወስደው ቀብረውታል። ስለዚህ ቦቢ በምን እንደሞተ በማስረጃ የሚናገር የለም። ምልክቱን የሰማው ሐኪም ያለው አንድ ነገር ነው፦ “እብድ ነበር ብላችሁ ቁጠሩና የልጁን ክትባት እስከ መጨረሻው አስጨርሱ።” ልጁም አስጨረሰ፤ አንድ ቀጠሮ አልቀረበትም።

“አንድ ሰው አልሞተባቸውም!”

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን እማማ ዝም ብለው አልተቀመጡም ኖሯል! ከመድኃኒተኛው ቅጠል አስመጥተው ለማንም ሳይናገሩ በማር ለውሰው ልጁን አጉርሰውታል። ልጁ አስመለሰው፣ አስቀመጠው፣ አንድ ቀን ሙሉ ተኛ። ከዚያ ተነሳ። ሳምንታት አልፈው ምንም ሳይሆን ሲቀር በሰፈሩ የተወራው ምን መሰላችሁ? “ቅጠሉ አዳነው!” ክትባቱ ተረሳ። ሳሙናውንማ ማን አስታውሶት!

ለመሆኑ እነዚህ መድኃኒተኞች “አንድ ሰው አልሞተብንም” ሲሉ ይዋሻሉ? ብዙዎቹ አይዋሹም። እንዲያውም ከልባቸው ነው የሚያምኑት። ነገሩን በሒሳብ እንየው። ለምሳሌ ያህል፣ ውሻ የነከሳቸው መቶ ሰዎች መድኃኒተኛው ቤት ሄዱ እንበል። ከነካሾቹ ውሾች አብዛኞቹ ጤነኛ ናቸው፤ ጅራታቸውን ተረግጠው፣ ቡችላቸውን ተነክተው፣ ወይ ምግባቸው ላይ ተመጥቶባቸው የነከሱ ናቸው። እነዚህ የነከሷቸው ሰዎች ቅጠልም ቢበሉ፣ ክትፎም ቢበሉ አይሞቱም። በእውነት የታመመ ውሻ ከነከሳቸውም መካከል ቫይረሱ ያልያዛቸው ይኖራሉ፤ ልብስ ምራቁን አስቀርቶላቸው ወይም ቁስሉ ላይ የቀረው ጥቂት ሆኖ። ስለዚህ ከመቶው እጅግ ብዙዎቹ ዶሮ ይዘው ለምስጋና ይመለሳሉ። መድኃኒቱ ያዳነው ያልታመመውን ነው!

የቀሩት ጥቂቶችስ? እነሱ ለቅሬታ አይመለሱም። በሽታው ከወራት በኋላ ሲመጣ ንክሻው ተረስቷል። “መጋኛ ነው”፣ “ልክፍት ነው” ይባላል። የሚያስታውስ ቢገኝ እንኳ መልሱ ዝግጁ ነው፦ “ወንዝ ተሻግሮ መድኃኒቱን አርክሶት ነው።” እስቲ ፍረዱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወንዝ ሳይሻገሩ የት ይደረሳል?

ይህን ስንል የአያቶቻችንን ዕውቀት ለማጣጣል አይደለም። ኮሶ የኮሶ ትልን በእርግጥ ያስወጣል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም ከኢትዮጵያ እየወሰዱ ለታማሚዎቻቸው ያዙት ነበር። ለእብድ ውሻ በሽታ ይሰጣሉ ከሚባሉት ዕፅዋት አንዱ የሆነው እንዶድም ኃይል አለው። የኛው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አስተውለው ለዓለም አሳይተዋል። ግን ዶክተሩ “ይገድላል” ተብሎ ስለተወራ አላመኑም፤ ፈትነው፣ ቆጥረው፣ አወዳድረው ነው። በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ግን እንዲህ ተፈትኖ ሰው ማዳኑ የተረጋገጠ ቅጠል የለም። ጠንካራው እንዶድ ደግሞ ሲጠጣ ራሱ ይመርዛል።

የሚያስቀው፣ እናቶቻችን በእንዶድ ነጠላ ሲያጥቡ የኖሩት አረፋው እንደ ሳሙና ስለሚያጸዳ ነው። እማማም ዕድሜ ልካቸውን የቅባት ጠላቱ አረፋ መሆኑን ያውቁታል። ልጁ ሲነከስ ግን አረፋውን ለነጠላው፣ ቅጠሉን ለልጁ አደረጉት!

ፓስተር የሚባለው ሰፈር

የእብድ ውሻ ነገር ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ገና ልጅ ሳለች፣ በነሐሴ 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1903) በውሾቿ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ በአገራችን በጽሑፍ ከተመዘገቡት ትልልቆቹ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ታክሲ ረዳቱ “ፓስተር!” እያለ የሚጣራበት የጉለሌ ሰፈርም ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ ስሙን ደጋግሞ ለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ሰፈሩ ግን ፓስተር እንዳለ ቀረ።

ፓስተር ራሱ ማን ነበር? ሉዊ ፓስተር የፈረንሳይ የኬሚስትሪ ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ጆሴፍ ማይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እብድ ውሻ ብዙ ቦታ ነክሶት እናቱ ፓሪስ ድረስ ይዛው መጣች። ክትባቱ እስከዚያ ቀን የተፈተነው በእንስሳት ላይ ነበር። ፓስተር መርፌ ለመውጋት ፈቃድ ስላልነበረው ሐኪም ጠርቶ አስወጋው። በአሥር ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ተወጋ፤ ልጁም አደገ፣ ጎለመሰ።

በኛም አገር ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር። “ሆድ ላይ 14 መርፌ!” የሚባለው ወሬ የመጣው ከዚያ ነው። ወሬው እውነት ነበረው፤ ስንቱን ከክትባት አስሽሾ ወደ ቅጠል ቤት እንደነዳ ቤቱ ይቁጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህ ዓይነቱ ክትባት በዘመናዊው እንዲተካ ሲመክር አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ዘመናዊው የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት በሚደርስ ቀጠሮ ያልቃል። ሆዳችሁ ሰላም ነው!

የዘበኛው ዝምታ

አሁን ወደ አትላስ እንመለስ። ቦቢ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እናትየው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ስታወራ ሽማግሌው ፈገግ ብለው “ልጁስ በቅጠሉ ዳነ፤ ተመስገን። እኔም እኮ ወስጃለሁ” አሏት።

“እርስዎ ደግሞ ለምን?”

“ያ ቡችላ አጥንት አንቆት መስሎኝ እጄን ጉሮሮው ውስጥ ከትቼ ነበር። ጥርሱ ጫር አደረገኝ። ለትንሽ ነገር ምን ላስቸግርዎት ብዬ ዝም አልኩ።”

እናትየው የቆመችበት መሬት ከዳት። እሷ ልጇን ስታመላልስ፣ እሳቸው በር ከፍተው ሲሸኟትና ሲቀበሏት፣ ያንኑ አደጋ በእጃቸው ይዘው ነበር። ሐኪም ቤት ያልሄዱትም ሰነፍ ሆነው አይደለም። ልጁ በቅጠል መዳኑን ከራሷ ቤት ሰምተው ነው። ማንም አልዋሻቸውም፤ ግማሹን ብቻ ነው የሰሙት።

“ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ አሁን ምን ዋጋ አለው?” አሉ። ዋጋማ አለው! ምልክት እስካልታየ ድረስ ዘገየ ተብሎ ክትባት አይተውም። በዚያው ጠዋት ይዛቸው ሄደች፤ እሳቸውም ቀጠሯቸውን አንድ በአንድ ጨረሱ። ይኸው ዓመት አለፋቸው፤ በሩ ላይ ናቸው። ክትባቱ ነው ወይስ ቀድሞውንም ቫይረሱ አልያዛቸውም? ይህን ማንም አያውቅም። እኛም እንደ መድኃኒተኛው “አዳንናቸው” ብለን ዶሮ አንቀበልም። የምናውቀው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ የተፈተነው ክትባቱ እንጂ ቅጠሉ አለመሆኑን ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ “ሳይቃጠል በቅጠል” ይባል የለ? ለውሻ ንክሻ ሲሆን ግን “ሳይቃጠል በሳሙና” በሉት። ውሻ፣ ድመት ወይም ሌላ እንስሳ ሲነክሳችሁ፣ ሲቧጭራችሁ ወይም ቁስላችሁን ሲልሳችሁ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና ውኃ ታጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እንስሳውን መጠበቅ ከተቻለ ለ10 ቀን ጠብቁት። ልጆቻችሁ ቢነከሱ ሳይፈሩ እንዲነግሯችሁ አስለምዷቸው፤ ቁጣ ፈርቶ የደበቀ ልጅ አይታከምም። ቤት ውስጥ ላሉትም ሠራተኞች እንዲሁ።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ውሻውን ማስከተብ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ይላሉ ባለሙያዎቹ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚከበረውም ፓስተር ባረፈበት ዕለት፣ መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ነው። ደመራው አመድ ሲሆን ውሻችሁን አስታውሱት።

ያ ቤት አሁን ሌላ ውሻ አለው፤ ከነክትባት ካርዱ። ካርዱ በዘበኛው ኪስ ነው የሚኖረው። ባለፈው ሰሞን እናትየዋን ጠርተው “እትዬ፣ ይቺን በር ላይ ያለችውን ጽሑፍ ለምን አንቀይራትም?” አሏት።

“ምን ብለን?”

“‘የተከተበ ውሻ አለ’ ብለን ነዋ። ሌባው እንደሆነ በፊቱንም ማንበብ አይፈልግ!”